ከፕሌይፌር ክብ እስከ ዘመመው ድፎ፦ የክብ ግራፍ ታሪክና የውፍረቱ መዘዝ

«ሥዕል ትርጉም አያሻውም» ይላሉ ብዙዎች። ጽሑፍ ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ሲሻገር ይደክማል፣ ይጎድላል፣ አንዳንዴም ይሳሳታል፤ ሥዕል ግን ዓይን ላለው ሁሉ እኩል ይናገራል ተብሎ ይታመናል። እኔም በትርጉም ሥራ ጀማሪ ሳለሁ ይህን እምነት ያለ ጥያቄ ተቀብዬው ነበር። እምነቴን ያናጋው አንድ ክብ ሥዕል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጨረሻ ላይ፣ ስሙን መጥቀስ የማያስፈልገኝ አንድ የልማት ድርጅት ዓመታዊ ሪፖርቱን ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እንድመልስለት ሰጠኝ። በሪፖርቱ መካከል የዓመቱን ወጪ የሚያሳይ ክብ ግራፍ ነበረበት፤ እንደ ድፎ ዳቦ ወፍራም፣ ወደ ኋላ ዘመም ብሎ የተቀመጠ፣ ቁራሾቹ በቀይ፣ በሰማያዊ፣ በአረንጓዴና በቢጫ የደመቁ። ቁጥር አልተጻፈበትም። ሥዕሉ እንደ ፎቶግራፍ አንድ ወጥ ሆኖ የተያዘ በመሆኑ በውስጡ ያሉትን የእንግሊዝኛ ቃላት በአማርኛ መተካት አልተቻለም፤ ስለዚህ ከሥሩ አጭር ማብራሪያ እንድጽፍ ተጠየቅሁ። እኔም ከፊት ለፊት የተዘረጋው ቀይ ቁራሽ ከሁሉ የሚበልጥ መስሎ ስለታየኝ፣ ከዓመቱ ወጪ ከፍተኛውን ድርሻ የያዘው ሥልጠናና ስብሰባ ነው ብዬ ጻፍሁ።

ሪፖርቱ ታትሞ ለአካባቢው ነዋሪዎች በቀረበበት ዕለት አንድ አረጋዊ ከመቀመጫቸው ተነሡ። ወረቀቱን ከፍ አድርገው እያሳዩ፣ «ልጄ፣ እኛ የጠየቅነው የውኃ ጉድጓድ ነበር። ከውኃው ይልቅ ለስብሰባው ነው እንዴ ያወጣችሁት?» አሉ። አዳራሹ ጸጥ አለ። የሒሳብ ሠራተኛው ዝርዝሩን አውጥቶ ሲያነብ ግን ለውኃ ሥራ የዋለው ገንዘብ ለሥልጠና ከዋለው የሚበልጥ ሆኖ ተገኘ። የውኃው ቁራሽ በክቡ የኋላ ጠርዝ ላይ በመቀመጡ ጠብቦ ታይቶኝ ኖሯል። እርማቱ በዚያው በስብሰባው ላይ ቢነገርም አረጋዊው አላመኑንም፤ «ወረቀቱ ሌላ፣ አፋችሁ ሌላ» ብለው ተቀመጡ። በእርሳቸው ቦታ ብሆን እኔም አላምንም ነበር።

ለመሆኑ ይህ ክብ ከየት መጣ? ማንስ አወፈረው? ሒሳብ ያልተማርኩ የቋንቋ ሰው ብሆንም ጥያቄው ለዓመታት አልለቀቀኝም። በዚህ ጽሑፍ ያነበብሁትንና የተረዳሁትን ለአንባቢያን ለማካፈል እሞክራለሁ። ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ማዕድና ስም

አስቀድመን ስሙን እንይ። እንግሊዞች ክብ ግራፉን «ፓይ» ይሉታል፤ በምጣድ የሚጋገር፣ ውስጡ ፍራፍሬ ወይም ሥጋ ያለበት ምግባቸው ነው። ፈረንሳዮች ደግሞ ክብ በሆነው አይባቸው ስም «ካማምቤር» ብለው ይጠሩታል። ጀርመኖች በኬክ ሰይመውታል። ሁሉም ከየማዕዳቸው ክብ ነገር አንሥተው ሰጡት ማለት ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ከማዕድ ላይ ያለ ክብ ነገር ለመከፋፈል የተዘጋጀ ነውና፣ ማን ምን ያህል እንደደረሰው ዓይን ወዲያው ይለካል። በእኛም ቤት በበዓል ቀን ድፎ ሲቆረስ ቁራሹ ያነሰበት ልጅ ሚዛን ሳያስፈልገው ያውቀዋል።

ክብ ግራፍ የተመሠረተው በዚሁ ችሎታ ላይ ነው። ሙሉው ክብ 360 ዲግሪ ነው፤ ከጠቅላላው ሩብ የሆነ ድርሻ 90 ዲግሪ፣ ግማሽ የሆነው 180 ዲግሪ ይሰጠዋል። አንባቢው ቁጥር ባያነብ እንኳ «ይህ ሩብ ነው፣ ያ ከግማሽ ይበልጣል» ማለት ይችላል። የክቡ ጥቅም ይኸው ነው። ወደ ኋላ እንደምንመለከተው ውፍረት ሲጨመርበት በመጀመሪያ የሚጎዳውም ይኸው ጥቅሙ ነው።

የስኮትላንዱ ንድፍ ሠሪ

ክብ ግራፍን ለመጀመሪያ ጊዜ አሳትሞ ያወጣው ዊልያም ፕሌይፌር የተባለ ስኮትላንዳዊ ነው። በ1759 በደንዲ ከተማ አቅራቢያ ተወለደ። አባቱ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነበሩ፤ እርሳቸው በልጅነቱ ስለሞቱበት ያሳደገውና ያስተማረው ታላቅ ወንድሙ ጆን ነው። ጆን ፕሌይፌር በኋላ ስመ ጥር የሒሳብ ሊቅ ለመሆን በቅቷል። ታናሽየው የየዕለቱን ሙቀት መዝግቦ በመስመር እንዲሥል ያለማመደው ይኸው ወንድሙ ነበር፤ በቁጥር ሊነገር የሚችል ነገር ሁሉ በመስመርም ሊታይ እንደሚችል ከወንድሙ እንደተማረ ዊልያም ራሱ ጽፏል።

ወጣቱ ፕሌይፌር በ1777 በእንፋሎት ሞተር ሥራው ለሚታወቀው ለጄምስ ዋት ንድፍ ሠሪ ሆኖ ተቀጠረ። ከዚያ ወጥቶ ብዙ ነገር ሞከረ። ነጋዴ፣ ጋዜጠኛ፣ ደራሲና ተርጓሚ ሆኗል፤ በንግድ ሥራው በተደጋጋሚ ከስሯል፤ በዕዳ ታስሯል፤ ሐቀኝነቱም ብዙ ጊዜ ጥያቄ ላይ ወድቋል። በ1823 ሲሞት ድኻ ነበር። ዛሬ በየጋዜጣውና በየቢሮው የምናያቸው ዋና ዋና የግራፍ ዓይነቶች ግን ከዚህ ሰው እጅ የወጡ ናቸው። በ1786 ባሳተመው የንግድና የፖለቲካ አትላስ የሀገሮችን ገቢና ወጪ ንግድ በመስመር ግራፍ፣ የስኮትላንድን ንግድ ደግሞ በዓምድ ግራፍ አሳየ። ከ15 ዓመት በኋላ፣ በ1801፣ ስለ አውሮፓ መንግሥታት አቅም ባዘጋጀው አነስተኛ የስታቲስቲክስ መጽሐፍ ውስጥ ክቡን አመጣ።

በዚያ መጽሐፍ እያንዳንዱ መንግሥት በአንድ ክብ ተወክሏል፤ የክቡ ስፋት የግዛቱን ስፋት ያሳያል። ከክቡ በስተግራ የቆመው መስመር የሕዝቡን ቁጥር፣ በስተቀኝ ያለው ደግሞ የመንግሥቱን ገቢ ያመለክታል። የቱርክ መንግሥት ግዛት ግን በአንድ አህጉር የሚያበቃ አልነበረም፤ በእስያ፣ በአውሮፓና በአፍሪካ ተዘርግቷል። ፕሌይፌር ይህን ለማሳየት የቱርክን ክብ ከመካከሉ በሚነሡ መስመሮች በሦስት ቈርሶ እያንዳንዱን በእጅ ቀለም ቀባው፤ የእስያው አረንጓዴ፣ የአውሮፓው ቀይ፣ የአፍሪካው ቢጫ። የመጀመሪያው ክብ ግራፍ ይህ ነው።

ለዚህ የዓለም ክፍል ነዋሪ ቢጫው ቁራሽ ሌላም ነገር ያስታውሰዋል። በዚያን ዘመን የቱርክ መንግሥት በአፍሪካ ከያዛቸው ግዛቶች ዋነኛዋ ግብፅ ነበረች። መጽሐፉ በታተመበት በ1801 ግን በናፖሊዮን ዘመቻ በ1798 ግብፅ የገባው የፈረንሳይ ጦር ገና በእንግሊዝና በቱርክ ኃይሎች እየተባረረ ነበር። በወረቀት ላይ ጸጥ ብሎ የተቀመጠው ቁራሽ በምድር ላይ ጦርነት የሚካሄድበት ነበር ማለት ነው። ክብ ግራፍ ከመጀመሪያ ቀኑ ጀምሮ ያልረጋውን የረጋ አስመስሎ የማሳየት ጠባይ ነበረው።

ፕሌይፌር ተርጓሚም ነበር ብያለሁ። በ1805 ዶናን የተባለ ፈረንሳዊ ስለ አሜሪካ የጻፈውን የስታቲስቲክስ መጽሐፍ ወደ እንግሊዝኛ ሲመልስ የግዛቶቹን ስፋት የሚያሳይ ክብ ግራፍ ከራሱ ጨምሮበታል። ተርጓሚ በሌላ ሰው መጽሐፍ ላይ ሥዕል ሲጨምር ማየት ለእንደኔ ዓይነቱ የሙያ ባልደረባ ፈገግ የሚያሰኝ ነው፤ ይሁን እንጂ የጨመረው ነገር አንባቢውን የሚረዳ እንጂ የሚያሳስት አልነበረም።

ሁለት ክቦች በ1858

ክቡ ለረጅም ጊዜ ብዙ ተከታይ አላገኘም። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ግን፣ በአንድ ዓመት ውስጥ፣ ሁለት ታላላቅ ሰዎች ክብን ለቁም ነገር አዋሉት።

አንደኛው ፈረንሳዊው መሐንዲስ ሻርል ጆሴፍ ሚናር ነው። በ1858 ባወጣው ካርታ ከየአውራጃው ለፓሪስ ከተማ ቀለብ የሚላከውን ሥጋ በትናንሽ ክቦች አሳየ። የክቡ ትልቅነት የጠቅላላውን መጠን ሲያሳይ ቁራሾቹ የእንስሳቱን ዓይነት ይለያሉ። ካርታውን የሚመለከት ሰው የፓሪስ ማዕድ ከየት እንደሚሞላ በአንድ እይታ ይረዳል።

ሁለተኛዋ የነርስነት ሙያ ታላቅ ባለውለታ የሆነችው ፍሎረንስ ናይቲንጌል ናት። በክራይሚያ ጦርነት ጊዜ በቱርክ ምድር፣ በስኩታሪ ሆስፒታል አገልግላ ስትመለስ፣ የእንግሊዝ ወታደሮች ከጠላት ጥይት ይልቅ በበሽታ ማለቃቸውን ለመንግሥት ማስረዳት ነበረባት። በ1858 ያሳተመችው ሥዕል እንደ ጽጌረዳ የተዘረጋ ነው። ዓመቱ በ12 እኩል ማዕዘኖች ተከፍሎ እያንዳንዱ ወር አንድ ቅጠል ይይዛል፤ የቅጠሉ ስፋት የሟቾቹን ብዛት ይናገራል። ሰማያዊው ሊከላከሉት በሚቻል በሽታ የሞቱትን፣ ቀዩ በቁስል የሞቱትን፣ ጥቁሩ በሌላ ምክንያት የሞቱትን ያሳያል። ሰማያዊው ሌሎቹን ውጦ መታየቱ ከብዙ ገጽ ሪፖርት የበለጠ ይናገር ነበር። ናይቲንጌል ቀለምና ቅርጽ የመረጠችው ለማስደነቅ ጭምር ነው፤ ያስደነቀችበት ስፋት ግን ከቁጥሩ ጋር የተመጣጠነ ነበር። ማጌጥና መዋሸት አንድ እንዳልሆኑ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያሻም።

የሊቃውንት ክርክር

ሃያኛው ክፍለ ዘመን ሲገባ ክብ ግራፍ ወደ ጋዜጦችና ወደ ድርጅቶች ሪፖርት ገባ፤ ተቺዎችም ተነሡበት። አሜሪካዊው ዊላርድ ብሪንተን በ1914 ስለ ግራፍ አሠራር ባሳተመው መጽሐፍ፣ በቁራሽ ከተከፈለ ክብ ይልቅ ዓምድ እንደሚሻል ተከራከረ። በ1926 ደግሞ ዎልተር ኢልስ ተማሪዎቹን ፈትኖ ተቃራኒውን አገኘ፤ ድርሻን ለመገመት ክቡ ከተከፋፈለው ዓምድ ያላነሰ፣ እንዲያውም የተሻለ መሆኑን ጻፈ። ክርክሩ ለአሥርት ዓመታት ቀጠለ።

በ1983 የታወቁት የግራፍ ሊቅ ኤድዋርድ ተፍት ክብ ግራፍን አጥብቀው ነቀፉ፤ ለቁጥሩ ምንም የማይጨምር ጌጥንም የግራፍ ቆሻሻ ብለው ሰየሙት። በቀጣዩ ዓመት ዊልያም ክሊቭላንድና ሮበርት መጊል ባቀረቡት ጥናት፣ የሰው ዓይን በአንድ መነሻ ላይ የተሰለፉ ነገሮችን ርዝመት ሲያወዳድር ብዙም እንደማይሳሳት፣ ማዕዘንን ሲያወዳድር ግን ይበልጥ እንደሚሳሳት አሳዩ። በ1991 ኢያን ስፔንስና ስቴፈን ሌቫንዶቭስኪ ነገሩን አለዘቡት፤ ሁለት ቁራሽ ተደምሮ ከሌሎች ሁለት ቁራሾች ድምር ጋር ሲወዳደር ክቡ እንደሚረዳ በሙከራ አረጋገጡ።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው ጠፍጣፋው ክብ ጠበቃ ያላጣ መሆኑን ነው። ወፍራሙ ክብ ግን በሙከራ ተረታ። በ1996 ሚካኤል ዚግሪስት ባደረጉት ጥናት አንባቢዎች ባለ ውፍረቱን ክብ ሲያነቡ ከጠፍጣፋው የበለጠ ይሳሳቱ ነበር። ታዲያ ይህ ወፍራም ክብ ዓለምን እንዴት ሞላው?

ድፎው በኮምፒዩተር ሲጋገር

መልሱ ቀላል ሆነ፤ መሥራቱ ስለቀለለ ነው። በፕሌይፌር ዘመን ሥዕሉ በመዳብ ላይ ይቀረጽ፣ ቀለሙም በእጅ ይቀባ ነበር። ያን ያህል የሚደክም ሰው አላስፈላጊ ነገር አይጨምርም። በ1983 መጀመሪያ የወጣው ሎተስ 1-2-3 የተባለው የሒሳብ ሠንጠረዥ ፕሮግራም ክብ ግራፍን በጥቂት ቁልፎች የሚሠራ ነገር አደረገው። የማይክሮሶፍት ኤክሴል ሦስተኛ ዕትም በ1990 ሲወጣ ደግሞ በተለምዶ ስሪ ዲ የምንለውን፣ ባለ ሦስት አውታረ መጠን ግራፍ ለማንኛውም የቢሮ ሠራተኛ አቀረበ። ከዚያ ወዲህ ርዝመትና ወርድ ብቻ የነበረው ክብ ውፍረትም አገኘ።

ቀጥሎ የመጡት የፕሮግራም ባለሙያዎች «ላይብረሪ» የሚሏቸው ናቸው። ቃሉ በቁሙ ቤተ መጻሕፍት ቢሆንም በዚህ ሙያ የሚያመለክተው ተዘጋጅቶ የተቀመጠ የትእዛዝ ክምችትን ነው። አንድ ባለሙያ ግራፍ ሲያስፈልገው ከባዶ አይጀምርም፤ ሌላው የጻፈውን ጠርቶ ያሠራዋል። ዴቪድ ጊልበርት በ2000 የጀመሩት ጄፍሪቻርት ጃቫ በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈና በነጻ የሚገኝ ላይብረሪ ነው፤ ወፍራም ክብ የሚጋግር ትእዛዝ በውስጡ ነበረው። በ2007 መጨረሻ ጉግል ያቀረበው የግራፍ አገልግሎት ደግሞ ጠፍጣፋውንም ወፍራሙንም ይሠራ ነበር፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በትእዛዙ ላይ አንዲት ቁጥር መጨመር ብቻ ነበረች። እርሱን በተካው አዲሱ የጉግል ላይብረሪም «ስሪ ዲ ይሁን?» ለሚለው ምርጫ «አዎን» ብሎ መጻፍ ይበቃል።

አሠራሩም ይህን ይመስላል። ባለሙያው የድርሻዎቹን ስምና ቁጥር በዝርዝር ያስገባል። ላይብረሪው ቁጥሮቹን ደምሮ እያንዳንዱን ለድምሩ ያካፍልና በ360 ያባዛል፤ የቁራሾቹን ማዕዘን በዚህ ያገኛል። እስከዚህ ድረስ ከፕሌይፌር አልወጣንም። ከዚያ ክቡን ሞላላ ያደርገዋል፤ አንድ ሞላላ ከታች፣ አንድ ከላይ አስቀምጦ በመካከላቸው የፊቱን ግድግዳ ጠቆር ባለ ቀለም ይሞላል፤ የላይኛውን ፊት በመጨረሻ ይሥላል። ያሻው ሰው አንዱን ቁራሽ ከሌሎቹ ለይቶ ወደ ውጭ ሊያወጣው ይችላል። ወረቀቱ ላይ የተጋደመ ትኩስ ድፎ የሚያስመስለው ይህ ሁሉ ቅብ ነው።

ውፍረቱ የሚሰርቀው

ጉዳቱን ለመረዳት ትንሽ ሒሳብ ይበቃናል። አንድን ክብ አራት እኩል ቦታ እንቍረሰው፤ አንዱ ቁራሽ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ፣ ሁለቱ ከቀኝና ከግራ ይሁኑ። እያንዳንዱ ከመቶ 25፣ ማዕዘኑም 90 ዲግሪ ነው። አሁን ክቡን ጠረጴዛ ላይ አጋድመን ከ30 ዲግሪ ከፍታ ብንመለከተው ወርዱ ሳይለወጥ ቁመቱ በግማሽ ያጥራል። የፊቱና የኋላው ቁራሽ ማዕዘን ተከፍቶ ወደ 127 ዲግሪ ይደርሳል፤ የቀኝና የግራው ተጨፍልቆ ወደ 53 ይወርዳል። እኩል የነበሩት አራት ቁራሾች ለማዕዘን ፈራጅ ዓይን እኩል መሆናቸው ቀረ።

በዚህ ላይ ውፍረቱ ይታከላል። ሞላላው ወርዱ 20፣ ቁመቱ 10 ሳንቲ ሜትር፣ የሚታየው ውፍረት ደግሞ 2 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል። የግድግዳው ቀለም የሚታየው ከፊት በኩል ብቻ ስለሆነ አብዛኛው ለፊተኛው ቁራሽ ይደርሰዋል። ተሰልቶ ሲታይ፣ ከተቀባው ቀለም ሁሉ የፊተኛው ቁራሽ ከመቶ 34 ያህል ሲይዝ የኋለኛው 20 ብቻ ይቀረዋል። ሁለቱም በቁጥር ከመቶ 25 ናቸው! ማንም ቁጥር አልቀየረም፤ ማንም አልዋሸም። ይሁንና አንዱ ድርሻ ከሌላው በ1.7 እጥፍ ገዝፎ ታየ። ያንን ቀይ የስብሰባ ቁራሽ ያገዘፈብኝ፣ የአረጋዊውን ውኃ የሸሸገብኝ ይኸው ነበር።

ነገሩ በጀማሪ ተርጓሚና በትንሽ ድርጅት ላይ ብቻ የሚደርስ አይምሰለን። በጥር 2008 በሳን ፍራንሲስኮ በተካሄደው የማክወርልድ ጉባኤ ላይ የአፕል ኩባንያ መሪ ስቲቭ ጆብስ በአሜሪካ የስማርት ስልክ ገበያ የኩባንያቸውን ድርሻ በወፍራም ክብ አሳዩ። የአፕል ድርሻ ከመቶ 19.5 ነበር፤ «ሌሎች» የተባሉት አንድ ላይ 21.2 ይዘዋል። ነገር ግን የአፕል ቁራሽ ከፊት ለፊት ተቀምጦ ውፍረቱ ሁሉ ስለታየለት ከ«ሌሎች» የሚበልጥ ይመስል ነበር። ቁጥሮቹ ከላያቸው ላይ ተጽፈው ሳሉ እንኳ ዓይን የተከተለው ሥዕሉን ነው። ትዝብቱ ወዲያው ተጻፈ፤ ሥዕሉም እስከ ዛሬ ለማስተማሪያ ይጠቀሳል።

ጋጋሪዎቹ ሲመለሱ

ከዚህ ታሪክ ይበልጥ የሚያስደስተኝ ክፍል ቀጥሎ ያለው ነው። ላይብረሪ የሚሠሩት ባለሙያዎች ራሳቸው ወፍራሙን ክብ እያራቁት መጡ። ጄፍሪቻርት በኋለኞቹ ዕትሞቹ ወፍራም ክብ የሚሠራውን ክፍል «ከእንግዲህ አይመከርም» የሚል ምልክት አድርጎበታል፤ ስሪ ዲ የግድ ያስፈልገኛል የሚልን ሰውም ለዚያ ወደ ተለየ ሌላ ላይብረሪ ይመራዋል። ጆን ሀንተር የተባሉ የነርቭ ሥነ ሕይወት ተመራማሪ የፈጠሩትና ከ2003 ጀምሮ በተመራማሪዎች ዘንድ የተስፋፋው ማትፕሎትሊብ ጠፍጣፋ ክብ ይሠራል፣ ጥላ ያጠላበታል፣ ቁራሹን ነጥሎ ያወጣል፤ ወፍራም ክብ የሚሠራ ትእዛዝ ግን የለውም። አር የተባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ደግሞ ከዚህም አልፏል፤ ክብ ግራፍ የሚሠራውን ትእዛዝ በሚያብራራው በራሱ የመመሪያ ገጽ ላይ፣ ይህ መረጃ ለማሳየት እጅግ መጥፎ ዘዴ መሆኑን ለተጠቃሚው ይነግረዋል። ዕቃውን እየሸጠ «አትግዛኝ» የሚል ነጋዴ ስንቱ ነው?

ሆኖም ወፍራሙ ክብ አልሞተም። ኤክሴል ውስጥ አለ፤ በጉግል ላይብረሪ አለ፤ በአር ፕሮግራምም ቢሆን ሌሎች ሰዎች በጻፉት ተጨማሪ ይገኛል። ደንበኛ ይጠይቀዋል፣ አለቃ ይወደዋል፣ ለሪፖርቱ ሽፋን ያምራል። ምርጫው የቀረው ለሠሪው ኅሊና ነው።

ለእኛ ምን ይበጀናል?

በምሥራቅ አፍሪካ ነገሩ የቅንጦት አይደለም። ኬንያ የጤና መረጃዋን ዲኤችአይኤስ 2 በተባለው የኮምፒዩተር ሥርዓት በ2011 በመላ ሀገሪቱ ማጠናቀር ጀመረች፤ ኢትዮጵያም በኋላ ተከትላታለች። ክትባትም ሆነ ወባ፣ በጀትም ሆነ ምርት፣ በየወረዳው የሚታየው በግራፍ እየሆነ መጥቷል። በአካባቢያችን ሪፖርት የሚጻፍበት ቋንቋና ሕዝብ የሚነጋገርበት ቋንቋ ብዙ ጊዜ ይለያያል። ጽሑፉን ማንበብ ያልቻለ ሰው ሥዕሉን ያነባል፤ ብቸኛ ማስረጃው እርሱ ነውና። በዚህ ምክንያት የተዛባ ሥዕል የሚጎዳው ከተማረው ይልቅ ያልተማረውን ነው።

ፊደላችን በዩኒኮድ መደብ የገባው በ1999 ነው። ከዚያም በኋላ ለዓመታት ብዙ የግራፍ ፕሮግራሞች የአማርኛውን ቃል በባዶ ሳጥኖች ይተኩት ነበር። ዛሬ ያ ችግር በአብዛኛው ተቃልሏል፤ የቁራሾቹን ስም በገዛ ፊደላችን መጻፍ ይቻላል። ስለሆነም ግራፍ የሚሠሩ ወጣቶቻችንን የምለምናቸው ጥቂት ነው። ክብ ካስፈለገ ጠፍጣፋ ይሁን፤ ቁራሾቹ ጥቂት ይሁኑ፤ በእያንዳንዱ ላይ ቁጥሩ በአንባቢው ቋንቋ ይጻፍ፤ የሚቀራረቡ ድርሻዎችን ማወዳደር ካስፈለገ ደግሞ ዓምድ ይመረጥ። ተርጓሚዎችም ከሥዕሉ አንተርጉም፤ ሠንጠረዡን እንጠይቅ።

ግራፍ የሚሠራ ሰው ከቁጥር ወደ ዓይን ይተረጉማል፤ እርሱም እንደ እኛው ለምንጩ መታመን አለበት። ያልተጻፈ ውፍረት ሲጨምር ያልተባለ ቃል እንደ ጨመረ ይቈጠራል። እኔ ያን ዕለት የሥዕሉን ስህተት በቃል ደግሜ፣ በአማርኛ አጽንቼ ለሕዝብ አቅርቤዋለሁ። ጥፋቱ የሥዕሉ ብቻ አልነበረም።

ከዚያ ጊዜ ወዲህ ወፍራም ክብ ያለበት ሪፖርት በደረሰኝ ቁጥር አንድ ነገር አደርጋለሁ። ከመተርጐሜ በፊት የቁጥሩን ዝርዝር እንዲልኩልኝ እጽፋለሁ። አንዳንዶች ይሰለቹብኛል፤ «ሥዕሉ አለ አይደል?» ይሉኛል። እኔ ግን አረጋዊው ወረቀቱን ከፍ አድርገው የቆሙበት አዳራሽ ፊቴ ላይ ይመጣል። ጉድጓዱ ተቆፍሮላቸው ነበር፤ ውኃውም ወጥቷል። በወረቀቱ ላይ ግን አላገኙትም።